የአሻንጉሊቷ ዓይን

"የዚች ዓይን ካሜራ ነው አይደል?" አለችኝ ሴትዮዋ፣ ከካልሲ የሠራናትን አሻንጉሊት ዓይን በጥፍሯ ለመፈልቀቅ እየታገለች። ደብረ ብርሃን፣ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ነን። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከልጆቹ ጋር በካርቶን የአሻንጉሊት ቲያትር እሠራለሁ። ሴትዮዋ ዘይነባ ትባላለች፤ የትንሿ የሰሚራ እናት ናት። "ኧረ የሸሚዝ ቁልፍ ነው!" ብላት ማን ሰምቶኝ። "ባለፈው የመጡትም እንዲህ እያጫወቱ ነው ልጆቻችንን ቀርጸው የሄዱት። ወላሂ አላምንሽም!" አለችና የአሻንጉሊቷን ጭንቅላት ተርትራ ጥጡን አወጣችው። እኔ በግኜ ቆሜ አየኋት።

ከጥጥ በቀር ምንም አላገኘችም። ይቅርታ እንኳ አላለችኝም። "መርፌ ስጪኝ" ብላ መልሳ እየሰፋች፣ ልጇን "ለመሆኑ ይቺ ማን ናት?" ብላ ጠየቀቻት። ሰሚራ "አንቺ ነሻ፣ እማ! ያን ቀን ሰዎቹ ሲመጡብን አልጋ ሥር ደብቀሽን 'ዝም በሉ፣ እንዳትተነፍሱ' ስትዪን" አለቻት። የዘይነባ እጅ ባለበት ቀረ። የእኔም ንዴት ወዴት እንደሄደ እንጃ። ቀና ብላ አሁንም በጥርጣሬ አየችኝና "አንቺ ስልክሽን ይዘሽ ውጪልን" አለችኝ። ወጣሁ። ደጅ ብርዱ ላይ ቆሜ ስሰማ፣ ዘይነባ ድምጿን እንደ አሻንጉሊት አቅጥና "ልጆቼ፣ ሰዎቹ ሄደዋል። አሁን ጩኹ!" አለች። ያ መጠለያ በልጆች ጩኸት ተናጋ።