ለጓደኛዬ ባል የምትገዛው ሳጥን

ነይ ግቢ፣ ጫማሽን እዚያው ተዪው። እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? … እሰይ። ይሄ ፀሐይ ከወጣ ወዲህ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፣ አንሶላው ሁሉ አንድ ላይ ደርቆ ቁጭ አለልኝ። ያንን ጫፍ ያዢልኝ እስቲ፣ እያጠፍን እንጫወት። ቀሚስሽ ደግሞ አምሮብሻል። አሳጥረሽው ነው? እንኳን አሳጠርሽው፣ እንዲህ ያለ እግር እያለሽ ምን ያስደብቅሻል።

ባሌን ነው የምታዪው? ተይው፣ አይሰማንም። ያንን ትልቅ ሄድፎን አንዴ ከደፋ ቤቱ ቢፈርስም አያውቅ። ሰላም ስትይው ዝም አለሽ? አትቀየሚው። በየትኛው በኩል ነበር ያለፍሽው? … አይ፣ እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ።

ይልቅ አንቺ ስልክ መሸጫ ነው የምትውዪውና አንድ ነገር ንገሪኝ። እንዲያው ለሄድፎን ተብሎ ኮንቨርተር መግዛት ይጠቅማል? ያቺ ከስልኩና ከሄድፎኑ መሀል የምትሰካው፣ የክብሪት ሳጥን የምታህለው ዕቃ። ለእኔ አይደለም፤ እኔ ዜና ከሰማሁ ይበቃኛል። ለጓደኛዬ ባል ነው። አታውቂውም። … ብታውቂውም አታውቂውም።

የተባረከ ሰው ነው ይሄ የጓደኛዬ ባል። ሙያው ድምፅ ማቀናበር ነው። ለሬዲዮ ድራማ የሰዉን ንግግር፣ የበሩን ሲጥ ማለት፣ የዝናቡን ድምፅ እያመጣጠነ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ያስቀምጣል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ “ጆሮው” ነው የሚሉት። “ጆሮው ይምጣ፣ ጆሮው ይስማውና ይለፍ” ነው ነገሩ። እንዲህ ያለ ስም ያወጡለት ሰው ስሙን ቢጠብቅ ይፈረድበታል? አይፈረድበትም።

ታዲያ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ “ግራው ሳሳብኝ” ይላል። የሄድፎኑን ግራ ማለቱ ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምን ግራ አለ? ገመዱን ቀየረ፣ ሳሳ። ስፖንጁን ቀየረ፣ ሳሳ። ሄድፎኑን ራሱን ለሰው ሰጥቶ ሌላ ገዛ፣ አዲሱም ሳይውል ሳያድር ሳሳ። ጎረቤት ሲገባ ደግሞ “የቴሌቪዥናችሁ ድምፅ ወደ አንድ ጎን ተንሻፏል” ብሎ ይነግራቸዋል። ደግ ስለሆነ ነው፣ ሌላው ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። በሰፈሩ ያለ ዕቃ ሁሉ በአንድ ሰሞን ግራ ጎኑን ታመመ። ወረርሽኝ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የቀረችው ያቺ ሳጥን ናት። ሲያስረዳ ብትሰሚው … ስልክ ውስጥ ያለችው መቀየሪያ ርካሽ ናት፣ ዘፈኑን ከቁጥር ወደ ድምፅ ስትለውጠው ታሳሳዋለች፣ የውጪዋ ግን ታወፍረዋለች ይላል። እኔ መቼም መሃይም ነኝና፣ ያቺ ርካሽ ግራውን ብቻ መርጣ የምታሳሳው ምን በድሏት ነው ብዬ አስባለሁ። … አሃ፣ ስልኩ እሽሽ የሚል ከሆነ፣ ወይም ሄድፎኑ ትልቅ ሆኖ ጉልበት ካነሰው ትጠቅማለች፣ አለዚያ ለተራ ሰው ጆሮ ልዩነቷ እምብዛም ነው ትያለሽ። አንድ ጎን ብቻ ከሆነስ? … እኮ። 

ሰዎች “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይላሉ። እኔ እንዲያ አልልም። ዳውላውስ ቢሆን ለምን አይመረመርም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል … መድኃኒት ባይኖረው ዕቃ አለው አይደል? ቤት ሙሉ ዕቃ። ያቺን ጫፍ ሳብ አድርጊያት፣ ተጨማደደች።

አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ። ጓደኛዬ ጠረጴዛውን ስትወለውል ሄድፎኑን አነሳችና መልሳ ስታቀብለው አዙራ ሰጠችው። ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ሆነ። ጀማሪ ቢሆን ጎኑ ላይ የተጻፈውን ፊደል አይቶ ያስተካክል ነበር። እሱ ግን አንጋፋ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠልቀው የኖረውን ነገር ማን አይቶ ያጠልቃል? እንዲሁ ደፋው። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ አዳመጠና ምን ቢል ጥሩ ነው? “ይኸው፣ አሁንም ግራው ሳስቷል።” ዕቃው እኮ ዞሯል እህቴ። ጉድለቱ የዕቃው ቢሆን አብሮት ወደ ቀኝ አይዞርም ነበር? ዕቃው ዞሮ ጉድለቱ ካልዞረ፣ ጉድለቱ የተቀመጠው ታዲያ የት ነው? … እኔ ምን አውቃለሁ። እሱ ግን ወዲያው ደረሰበት፤ “በቃ፣ ኮንቨርተር ነው የሚያስፈልገው” አለ። የተማረ ሰው ነገር ሲገባው እንዲህ በአንዴ ነው።

ምነው፣ የኛ ሰውዬ እግር ቆመ እንዴ? ቅድም በዘፈኑ ይመታ ነበር። … አልቆበት ይሆናል። አትዙሪ፣ አይሰማም አልኩሽ።

ሥራ ቦታ ደግሞ እንዴት እንደሚወዱት። ባለፈው ባቀናበረው ድራማ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ሚስትየዋ በግራ ናት፣ ጩኸቷ ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ባልየው በቀኝ ሆኖ የሚያንሾካሹክ ነው የሚመስለው። ግራው ሳሳ እያለ ከፍ፣ አሁንም ከፍ ሲያደርግላት የት እንዳደረሳት አላወቀም። አለቃው “አዲስ አቀራረብ ነው” ብሎ አሳለፈው። ጨዋ አለቃ ነው፣ አንዴ ያልፋል። የሚቀጥለውን ድራማ ግን ለሌላ ሰው ሰጠው አሉ … “እሱ ትንሽ ይረፍ” ብሎ። ሰው ሲወደድ እንዲህ ነው፣ ያሳርፉታል። እንዲህ እያሳረፉ እያሳረፉ ከነጭራሹ ቤት እንዳያውሉት ነው የጓደኛዬ ጭንቀት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርታለች። እየሳቀች ነው የምታወራው፣ ልቧ ግን አብሯት አይስቅም። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ደውላ ጠየቀች። ሐኪሟም “እንዲህ በአንድ ጎን ሲጀምር ቶሎ ከታየ ብዙ ጊዜ መላ ይገኝለታል፤ ከቆየ ግን የሄደው አይመለስም” አለቻት። ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዘችለት። እሱ ደግሞ ነገ ጠዋት ዕቃ ቤት ቀጠሮ አለው፣ ሳጥኗ ትገባለች ተብሎ። እንግዲህ የቱ ይበልጣል? ሳጥኗ ናታ። ሐኪም የት ይሄዳል፣ ዕቃ ግን ያልቃል። ጆሮ እንደሆነ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ቤት ይጠብቃል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ ዕቃ ሻጭ ይምከረው።

ፈርቶ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ወንድ ይፈራል? “ጆሮው” የተባለ ሰው ጆሮውን ሊታይ ወረፋ ይዞ የሥራ ባልደረባ ቢያየውስ ብሎ እንጂ። ልክ ነው። ስም ከሁሉም ይበልጣል። ስሙ ሲጠራ መስማቱ ላይ ነው እንግዲህ … እሱን ተይው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እኔ የሐሜት ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሐኪም ተረት ኖሯል።

ትንሽ ልጅ አለቻቸው፣ ምስጢር ወዳድ። ሶፋው ላይ ወጥታ፣ አንገቱን አቅፋ፣ ጆሮው ውስጥ ማንሾካሾክ ነው ሥራዋ። ሰሞኑን በግራው በኩል ተንጠልጥላ የሆዷን ሁሉ ስትነግረው እሱ ጋዜጣውን ያነባል። ጠበቀችው፣ ጠበቀችውና ወርዳ ወደ እናቷ መጣች። “አባዬ ተቀየመኝ እንዴ?” አለቻት። እናቷ ምን ትበል? “አልተቀየመሽም የኔ ቆንጆ፣ ሳጥኗ እስክትመጣ ነው” አለቻት።  ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

በይ ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ አራት እጥፍ አድርጊያትና ቁም ሳጥኑ ላይ አኑሪያት። … ሄድፎኑን አወለቀ? ሞቆት ይሆናል። ምንም አይደል፣ ስለ ሌላ ሰው ባል ነው የምናወራው፣ እሱን ምን አገባው።

እኔ ለዚያ ሰው ክፉ አልመኝም። ይግዛት ሳጥኗን፣ በደስታ ይስማባት። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠው፣ የእጁን ሥራ ይባርክለት፣ ዕቃውንም ሁሉ የማይበላሽ ያድርግለት። አሜን በይ እንጂ። የሚወዱትንም ሁሉ፣ ሚስቱንም ትንሿንም ልጁን፣ ዕድሜ ልኩን በቀኙ ያስቀምጥለት።