እናት ያላስመዘገቡት ስፖርት

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። እናትየው ስኳር አለባቸው፤ ልጅቷ የሚያቃጥሉትን ካሎሪ ስልኳ ላይ ትመዘግባለች።

«እማዬ፣ ትናንት ምን ስፖርት ሠራሽ?»

«የምን ስፖርት? ውኃ ቀዳሁ፤ በረት ጠረግሁ።»

«እሱማ የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ አይቆጠርም።»

«ላቡስ ከየት መጣ ታዲያ?»

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ። ሌላስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ሰገድሁ። እሱን እንዳትጽፊ፤ የሚጽፈው ሌላ ነው።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ያው አባትሽን አገላበጥሁት። ከአልጋ የማይነሣ ሰው ገላው ይቆስላል።»

«ብቻሽን? ጎረቤት ያግዘኛል አላልሽኝም?»

«እንዳታስቢ ብዬ ነው።»

ልጅቷ መጻፍ ጀመረች።

«ተይ፣ አትጻፊው።»

«ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው እኮ፣ እማ።»

«ከተጻፈ ሥራ ይመስላል። አንቺን ልወልድ ስል አባትሽ እስከ ጤና ጣቢያ አዝሎ ሲወስደኝ ማን ጻፈለት?»

ልጅቷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ እኔ አገላብጠዋለሁ።»

«ስፖርቴን ልትቀሚኝ ነዋ!» አሉና እጇን ያዙ።

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ እስከ መናኸሪያው አብሬያቸው ሄድሁ።