ዓይኑን አላጠፋም

በኛ ጊዜ፣ ጫልቱ፣ እንደምናገረው ጻፊው፣ በኛ ጊዜ ጠላት የሚሣለው በአንድ ዓይን ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ ሰዓሊ ነበሩ፣ ጻድቅ ፊት ለፊት ያያል፣ ሁለት ዓይን አለው፣ ክፉ ሰው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን፣ በቃ ሕጉ ይኸው ነው። እና እኔ ያንን ይዤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ገባሁ፣ የሸንኮራ ፉርጎ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ።

ታዲያ እዚያ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ነበር፣ አውራ ጣት የሚያክሉ የብረት ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ዳይስ እየወረወረ ጦርነት የሚጫወት። ትስቂያለሽ? ትልቅ ሰውዬ ነው እኮ! እና «ቀለም ትችላለህ፣ ቀባልኝ» አለኝ፣ ቀባሁለት። ታዲያ መነጽሩን አድርጎ ያያል፣ ያያል፣

«ታደሰ! ምነው ግማሹ ጦር አንድ ዓይና ሆነ?»

«እነዚያማ ጠላት ናቸዋ፣ ጌታዬ!»

«እኔ እኮ ዛሬ እነዚህን ብይዝ ነገ እነዚያን ነው የምይዘው!»

«እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው!»

ሰውዬው ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው መጣ። እኔ ንቅንቅ አላልኩም፣ በአገሬ እንዲህ ነው አልኩ። እና አገሩ ሲመለስ ያልተቀቡትን ሁለት ሳጥን ሙሉ ትቶልኝ ሄደ።

ከዚያ ዘመቻ መጣ፣ እኔና አባትሽ፣ ያኔ ገና አስር አለቃ ቱሉ ነው፣ በአንድ ሻለቃ ወደ ምሥራቅ ዘመትን። አንድ ቀን ምርኮኛ ጠብቁ ተባልን። ልጅ ነው፣ እግሩ ቆስሏል፣ እጁን ዘርግቶ ውሃ፣ ውሃ ይላል። ታዲያ ቀና ብሎ አየን። ጫልቱ፣ ሁለት ዓይን! አፈርኩ። እና አባትሽ፣ የዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሙን የገደሉበት ሰው፣ ኮዳውን ፈቶ የቀረችውን ውሃ አጠጣው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ አዳማ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሳጥኖቹን ከፈትኩ። የፈረንጁን ኮፍያ በሞረድ እየፋቅሁ፣ በመኪና ስቱኮ የኛን ዘመን ኮፍያ እያወጣሁ፣ የኛንም ጦር ሠራሁ፣ የነሱንም ሠራሁ። ዓይን የሚቀባው በመርፌ ጫፍ ነው፣ ትንፋሽ ተይዞ። ሁሉንም ባለ ሁለት ዓይን አደረግኳቸው፣ አንዱን ደግሞ እጁን እንደዘረጋ ሠራሁት። ታዲያ እሑድ ሲሆን እንደ ፈረንጁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስጠብቅ አባትሽ ለጨዋታ መጣ፣ «አካም ቡልቴ!» ብሎ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ አየና ድርቅ አለ።

«ጠላት ነው ሁለት ዓይን ያለው? አንዱን አጥፋ!»

«አላጠፋም።»

«ወንድሜን የገደሉትን እንደ ሰው ትሥላቸዋለህ? ካላጠፋህ ቤትህን አልረግጥም!»

«ኮዳህን ያጠጣኸው አንተ፣ የምትጮህብኝ አንተ! አላጠፋም አልኩ!»

በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ። እና ከዚያ ሁሉ ሻለቃ፣ እስከምናውቀው፣ አሁን የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ሦስት እሑድ ቀረ። ሚስቴ «ጠብታ ቀለም ናት፣ ለወዳጅህ ስትል አጥፋት» ትለኛለች። አላጠፋም! ብቻዬን እጫወታለሁ! እውነቱን ልንገርሽ፣ ብቻዬን አንድም ቀን አልተጫወትኩም። ናፈቀኝ።

በአራተኛው እሑድ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከኛ ጦር በኩል አልተቀመጠም፣ ዞሮ በነሱ በኩል ወንበር ሳበ።

«ሁለት ዓይን ካላቸው ያያሉ ማለት ነው። ዛሬ እኔ እመራቸዋለሁ፣ ጉድህን ታያለህ!» አለኝ።

እና አሸነፈኝ! ድምጥማጤን አጠፋው! ታዲያ ሲሄድ ስሰበስብ አንድ ጎደለኝ፣ ያ እጁን የዘረጋው። ከጠረጴዛ ሥር ብል፣ ከምንጣፍ ሥር ብል፣ የለም። አባትሽን ብጠይቀው «ምርኮኛ መጠበቅ አታውቅም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ! ተሸነፍኩ፣ ወታደርም ጠፋብኝ፣ ዓይኑን ግን አላጠፋሁም! ጻፊው!

«ጋሼ ታደሰ» አልኳቸው ከጽሑፌ ቀና ብዬ፣ «እሱማ እኛ ቤት ነው፣ አባዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁሞታል። ከፊቱ የለስላሳ ቆርኪ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያደርግበታል።»