ቆጣሪው የወደቀ ቀን

(ደሴ፣ እሑድ ረፋድ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው መክሊት የኤሌክትሪክ ሙያ የት እንደምትማር ከአባቷ እናት ከእማማ አስካለ ጋር ትከራከራለች።)

መክሊት፦ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጬ ምን ልሆን ነው እማማ? ጋሽ አየልኝ ከነገ ጀምሮ ሥራው ላይ እያስተማረ ጣሪያ ላይ ያወጣኛል።

እማማ አስካለ፦ ድመት ነሽ ጣሪያ የሚያወጣሽ? ኮሌጅ ግቢ ብያለሁ፣ አበቃ።

መክሊት፦ አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የትምህርት ጠበቃ የሆንሽው? «ፊደል ሳልቆጥር አምስት ልጅ አሳደግኩ» ስትይ አይደል የምትውይው?

እማማ አስካለ፦ አሳድጌያለሁ! ያውም ከተማሩት ልጆች የኔዎቹ ይሻላሉ። ፊደል አልጠየቅኩሽም።

መክሊት፦ ጋሽ አየልኝ የአባቴ ባልደረባ ነበር። የአባቴን አሠራር ከሱ ሌላ ማን ያሳየኛል?

እማማ አስካለ፦ እሱን ተዪው።

መክሊት፦ አትፍሪ፣ የአባቴን ስህተት አልደግምም። መጀመሪያ አጠፋለሁ፣ ከዚያ ሽቦ እነካለሁ። ለዚህ ሁለት ዓመት? ኮሌጁን ልናይ የሄድን ቀን አስተማሪው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆጣሪውን አጠፋና ማጥፊያው ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ቆለፈበት! መክፈቻውን ኪሱ ከተተ። እኛ በሳቅ...

እማማ አስካለ፦ ምን አደረገ?

መክሊት፦ ቆለፈበት። እሱ እላይ እያለ ሌላ ሰው እንዳያበራው ነዋ። ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?

እማማ አስካለ፦ አባትሽ አጥፍቶ ነበር።

መክሊት፦ ሳያጠፋ ወጥቶ ነው የሞተው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን!

እማማ አስካለ፦ ሰፈሩ ምኑን ያውቃል! ያን ጊዜ ቆጣሪው በቀን ሦስቴ ይወድቅ ነበር። በወደቀ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ የምገፋው እኔ ነበርኩ። ያን ቀንም አባትሽ አጥፍቶ ጣሪያችን ላይ መውጣቱን ሳላውቅ፣ ሬዲዮኑ ጸጥ ሲል ወደቀ ብዬ ተነሣሁ። ገፋሁት። ሬዲዮኑ መናገር ጀመረ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ... አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዷ! ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ሄዶ የነበረ መብራት በመጣ ቁጥር ጣሪያዬ ላይ ሰው ይወድቃል።

መክሊት፦ ለዚህ ነው ቆጣሪው ሲወድቅ እኔ እስክመጣ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጪው?

እማማ አስካለ፦ ዳግመኛ ብነካው እጄ ይድረቅ ብያለሁ።

መክሊት፦ ጋሽ አየልኝ ያውቃል?

እማማ አስካለ፦ መሰላሉን ይዞ በመስኮት አይቶኛል። ትንፍሽ አላለም። እኔን ሸፍኖ ልጄን ዝርክርክ አስባለው። እኔም፣ ለሰው ሁሉ አፍ ያለኝ ሴትዮ፣ ዝም አልኩ። እሱ ዛሬም አጥፍቶ መውጣት ብቻ ነው፣ ቁልፍ የሚባል አያውቅም። አንቺ ግን ስሚኝ፤ በምትወጪበት ጣሪያ ሁሉ ሥር አንዲት አስካለ አለች።

መክሊት፦ ...አሁን ዕድር ላይ ሆኖ መልሴን እየጠበቀ ነው። ምን ልበለው?

እማማ አስካለ፦ አንቺ ምንም አትዪውም። ነጠላዬን አቀብዪኝ፤ ልጄ አጥፍቶ እንደነበር ዕድርተኛው ፊት እኔው እናገራለሁ።