የኦይቫ ደብተር አምስተኛው ዓምድ

ነይ ሴንያ፣ ወደ ላይኛው የሳውና መደብ ውጪ። እዚያ ታች ያለው ሙቀት ለእንግዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የቤት ልጅ ነሽ። ፎጣሽን አንጥፊው፣ እንጨቱ ያቃጥላል። እንዲህ... ተመቸሽ? ዘንድሮ መቼም መስከረሙ ደግ ነው። ሐይቁ ገና አልበረደም፣ ጫካው ውስጥ ያለው ቀይ ፍሬማ ጉድ ነው። እኔ አንድ ባልዲ ሙሉ ለቅሜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቻለሁ። አንቺስ ለቀምሽ? ውይ፣ ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ መቼ ጊዜ አግኝታ ትለቅማለች፣ እኔም አበዛሁት።

የጋለው ድንጋይ ላይ ትንሽ ውሃ ልርጭ? አንድ ጭልፋ ብቻ... ይኸው። ኧረ ደስ ሲል። ታች በሩ አጠገብ ያረፉት እህታችንም የሚጠሉት አይመስለኝም። ዝም ካሉ ተስማምቷቸው ነው። በኛ ቤት ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል፤ ስንት ሰው በዚህ ተጠቅሟል መሰለሽ።

ሴቶቹ ቀድመን መግባታችን ጥሩ ሆነ። ወንዶቹ ውጭ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዚያች ትንሽ መስኮት ይታይሻል? ያ ፍሙ ላይ ጎንበስ ብሎ ቋሊማ የሚያገላብጠው ኦይቫ ነው። የዛሬው ድግስ የሱ ነው እኮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ዛሬ ጡረታ ወጣ፤ የራሱን መሸኛ ቋሊማ ደግሞ ራሱ ይጠብሳል። ሌላ ሰው ያሳርረዋል ብሎ ነው። ስጦታውን አይተሻል? ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ሰጡት። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ሦስት ዓይነት ብርሃን አለው።

ንግግሩስ? ሰማሽ አይደል እንዴት እንዳማረ። "ኦይቫ የኔትወርክ መለኪያ መኪናችንን ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ አንድ አደጋ ነድቶልናል" ተባለለት። እውነት ነው። እኔ ራውኒ ምስክሩ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ መሣሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተናጋሪዋ ምን ያለ ትውስታ አላቸው በይ... መንዳቱን አልረሱም። ሰው መቼም ሁሉን ነገር ላስታውስ ቢል ጭንቅላቱ አይችለውም።

እኔ አሽሙር አልወድም። የሚናገር ሰው ፊት ለፊት ይናገር ባይ ነኝ። ስም ግን አልጠራም፤ እናቴ ሳውና ውስጥ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው ትል ነበር። ስለዚህ "አንድ የማውቃቸው ሰው" ልበልሽ። ሙያቸውን ላደንቅ ፈልጌ እንጂ ሌላ ምን አለኝ? አዲስ ሠራተኛ ደግሞ አርአያ ያስፈልጋታል።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ሰው እየተጓዘ ስልኩን ያወራል፣ ፊልሙን ያያል፤ ስልኩ ከአንዱ የኔትወርክ ምሰሶ ወደ ሌላው ሲሻገር ነገሩ እንዳይቋረጥበት ማድረግ ነው። አለቀ። እኛ ይህን በወረቀትና በመሣሪያ ስንታገል የማውቃቸው ሰው በኑሯቸው አሳዩን። በአሥራ አንድ ዓመት አራት አለቃ ተቀያየረ። አንዱ ደከም ሲል እሳቸው ቀድመው ከሚቀጥለው ጋር ናቸው። አንዲት ቀን መስመራቸው ተቋርጦ አያውቅም። ያ አሮጌው አለቃ በሩ ላይ ቆሞ "ደህና ሁኑ" ሊላቸው ይጠብቃል... ከሄዱ ሁለት ሳምንታቸው። ለስልክ ይህን ለማስተማር ስንት መሐንዲስ ሸበተ መሰለሽ። እሳቸው ግን ተፈጥሮ ነው።

አንድ ጭልፋ ልጨምር? እርስዎስ ከታች፣ ይበዛብዎት ይሆን?... እሺ፣ ጨመርኩ።

አሁን ወደ አንድ የባቡር ችግር ልምጣልሽ። ከከተማችን ከኦውሉ ወደ ደቡብ ስትወርጂ ሊሚንካ አጠገብ ሐዲዱ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ሁለት መቶ ስልክ ባንድ ትንፋሽ አሮጌውን ምሰሶ ይለቅና አዲሱን "አስገባኝ፣ አስገባኝ" ይለዋል። አዲሱ ምን ያድርግ? ግማሹን ያስገባል፣ ግማሹ ደጅ ይቀራል። መንገድ ላይ የነበረውም ዳታ ሜዳ ላይ ይፈሳል። ባለ ዶክትሬት መሐንዲሶቻችን ስድስት ዓመት ለፉበት። ወፍራም ወፍራም ወረቀት ጻፉ፤ ባቡሩ ግን ስላላነበበው እዚያው መታጠፊያ ላይ መቋረጡን ቀጠለ።

አንድ ቀን ጠዋት እኔና ኦይቫ ኬምፔሌ መሻገሪያ ላይ ቆመናል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች እየተሻገሩ ነው፤ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ሁሉም አንድ ገመድ ይዘዋል። ከፊት ያለችው መምህርት በጣቷ አሥራ ሁለት ብላ ወደ ማዶ አሳየች። የማዶዋ መምህርት አሥራ ሁለት ኩባያ ጭማቂ ቀድታ በር ላይ ጠበቀቻቸው። አንድም ልጅ "እኔም አለሁ" ብሎ አልጮኸም። ኦይቫ ሞተሩን አጠፋ። በዓመት አሥራ አንድ ቃል የማይወጣው ሰው ወደኔ ዞሮ፣ "ለምንድነው ሁሉም ስልክ የሚጮኸው?" አለኝ። "አንዱ ስለ ሁሉም ይናገር። ባቡር እንደሁ ከሐዲዱ አይወጣ፣ የት እንደሚሄድ ይታወቃል። ዳታው ቀድሞ ማዶ ይጠብቃቸው።" ከኋላችን ያለው መኪና አንዴ ጥሩምባ ነፋብን፤ በኦውሉ ይህ ስድብ ነው። ኦይቫ አልሰማም። ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ ሙሉ ያንን ሐዲድ እየተከተልን ለካን፣ እሱ በእጁ ጻፈ።

የማደንቃቸው ሰው የት ነበሩ ትዪኛለሽ? አትቸኩዪ ልጄ። ነገር በምሳሌ፣ ቋሊማ በሰናፍጭ ነው። እኚህ ሰው አንድ ቀን ወደ መኪናችን መጥተው፣ በፈገግታ፣ ያን ደብተር ለአንድ ሳምንት አውሰኝ አሉት። ኦይቫ "ውሰጂ" አለ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እሳቸው ግን ጨዋ ናቸው፣ አንኳኩተው ነው የቆረጡት። በሳምንቱም መለሱት። አንድ ገጽ አልተቀደደ፣ አንድ ጠብታ ቡና አልፈሰሰበት። እንዲህ ዕቃ አክብሮ የሚመልስ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ከዚያ ባለፈው ነሐሴ የኦይቫ ሐሳብ በፈጠራ ባለቤትነት እንዲመዘገብ ማመልከቻ ተጻፈ። ሃያ ስምንት ገጽ። "የፈጣሪው ስም" የሚለው ቦታ ላይ አንድ ስም ብቻ ሰፈረ... የሳቸው። ቦታ ጠቧቸው ይሆናል። ሃያ ስምንት ገጽ ምን ይበቃል? ሐሳቡ እንዴት መጣልዎት ሲባሉ ደግሞ፣ ባለፈው ሳምንት ጫካ ውስጥ በረዶ ላይ በስኪ እየተንሸራተቱ ሳለ ድንገት እንደመጣላቸው ተናገሩ። በነሐሴ። አየሽ፣ ትልቅ ሰው በረዶ እስኪጥል አይጠብቅም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባል ነበር ድሮ። ዛሬ ሥራ ለሠሪው፣ ስም ለጻፊው ሆኗል።

እኔን አመመኝ፣ አልዋሽሽም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ኦይቫን ሄጄ "ዝም ልትል ነው?" አልኩት። ጎማ እየነፋ ነበር። እኔ ዓመት ሙሉ የሚበቃኝን ያህል ተናገርኩ፤ እሱ መንፋቱን ጨርሶ ክዳኑን አጠበቀ። "ስሜ ቢኖርበት ደስ ይለኝ ነበር" አለ፣ ያን ያህል ብቻ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ሰው አፍ አንድ ልመና ወጥቶ አያውቅም። ያቺን አንዷንም ልመና ለጎማው ነው የነገራት።

እርስዎ፣ ውሃ ልስጥዎት? ፊትዎ ቀላ... ሙቀቱ ነው። እዚህ ሁላችንም እንቀላለን።

አሁን የሚያስቀውን ልንገርሽ። የማመልከቻው ረቂቅ ወደኔ ተላከ። እንድፈርድ አይደለም፤ የቦታ ስሞች በትክክል መጻፋቸውን እንዳይ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ምን አገኘሁ መሰለሽ? "አሮጌው ምሰሶ ዳታውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ከአንድ ነጥብ ስምንት እስከ አራት ነጥብ ስድስት ሰከንድ ሲሆን፣ ተመራጩ ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ ነው።" ሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ፣ ሴንያ። አንቺ መሐንዲስ ነሽ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ማለቅ ያለበት ነገር ነው። በሁለት ነጥብ አራት ሰከንድ ተሳፋሪው ሦስት ጊዜ "ሃሎ" ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል፣ ሚስቱም ትቀየመዋለች።

ከየት መጣ ብዬ ደብተሩን ገለጥኩት። የኦይቫ ገጽ አምስት ዓምድ አለው። አራቱ ርዕስ አላቸው፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የስልኩ ብዛት፣ የጠፋው ዳታ። አምስተኛው ርዕስ የለውም። ቁጥር ብቻ። አንድ ነጥብ ስምንት፣ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሦስት ነጥብ አንድ፣ እንደገና ሁለት ነጥብ አራት... የማንበብ ችሎታ ያለው ሰው ይህን ባዶ ርዕስ አይቶ ዝም ይላል? ሰከንድ ነው ብለው ተረዱት። ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን ደግሞ ተመራጭ አደረጉት። የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ኦይቫን መጠየቅ ይቻል ነበር እርግጥ... ግን መንዳት ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ሰከንድ ምን ይጠየቃል?

እኔ ያንን ዓምድ አውቀዋለሁ። ኦይቫ ልኬት ስንጨርስ ወንዙ ዳር ወርዶ መንጠቆውን ይጥላል። ያንን ጥርሳም ዓሣ፣ ሃውኪውን፣ ሲይዝ በትንሿ ሚዛን ይመዝንና ይጽፈዋል። ኪሎ ነው፣ ሴንያ። የዓሣ ኪሎ። አራት ነጥብ ስድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ጣቴን ነክሶኛል፤ ጠባሳው ይኸው። ርዕስ ያልጻፈበት ዓሣ ማጥመዱ የማንም ጉዳይ ስላልሆነ ነው።

ገጹን ለኦይቫ አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ እንደገና አነበበ። ከዚያ፣ "ከሁለት ነጥብ አራቶቹ አንዱን ጨው አብዝቼበት ነበር" አለኝ።

እኔስ ምን ላድርግ? የቦታ ስም እይልን ነው የተባልኩት። ሊሚንካ በትክክል ተጽፏል። ኬምፔሌም እንደዚያው። "የቦታ ስሞቹ ስሕተት የለባቸውም" ብዬ ፈረምኩና መለስኩት። ሰው ከታዘዘው በላይ ሲሠራ ደፋር ይባላል፤ ይህን ደግሞ ያስተማሩኝ እኚያው የማደንቃቸው ሰው ናቸው።

ማመልከቻው ሰኞ ጠዋት ይገባል። ከገባ በኋላ ቁጥር መለወጥ የለም፤ እንደተጻፈ ይኖራል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ እሳቸው ከየአገሩ በመጡ ስድሳ መሐንዲሶች ፊት ቆመው ያስረዱታል። አንዱ እጁን አውጥቶ "ለምን ሁለት ነጥብ አራት?" ማለቱ አይቀርም። እነሱ ውስጥ ዓሣ አጥማጅም አይጠፋ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ትክክለኛው ቁጥር ያለው ኦይቫ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ኦይቫ ደግሞ ከዚህ አሥር እርምጃ ይርቃል፤ በፎጣም ይኬዳል። "ኦይቫ፣ ስምህን ሳልጽፈው ቀርቻለሁ፤ ልጻፈው። ቁጥሩንም ንገረኝ" ማለት ብቻ ነው። አይቆጣም እሱ። ቋሊማ ቆርጦ ያቀርባል፣ ሰናፍጩን ያስጠጋል፣ ቁጥሩንም ይናገራል። ግን አሥር እርምጃ ለኔና ላንቺ ነው አሥር የሆነው... አራት አለቃ ድረስ የሮጠ እግር ወደ አንድ ሾፌር መራመድ ሊከብደው ይችላል። አልፈርድም።

ምነው፣ ተነሡ እንዴ እርስዎ? ገና ሁለት ጭልፋ ይቀረን ነበር። ቀስ ብለው፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ሴንያ፣ ፎጣቸውን አቀብያቸው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነበር፣ እርስዎ እንኳ አያውቋቸውም። ብቻ ሊወጡ ከሆነ ለኚያ ሰው ያሰብኩትን ምርቃት ልበልና እርስዎ ስለሳቸው አሜን ይበሉልኝ፤ ምርቃት በበር ላይ ይይዛል ይባላል።

እግዜር ስማቸውን ከፍ ያድርግላቸው። ወረቀቱ ላይ ለብቻው ያንግሥላቸው፤ የማንም ስም ከጎኑ ቆሞ አያጋፋቸው። ስድሳው መሐንዲስ "ይህ ቁጥር ከማን ራስ ወጣ?" ሲል፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ "ከኔ፣ ከኔ ብቻ" የሚሉበት አንደበት ይስጣቸው። አንዲት ነጥብ ሳይነካባቸውም ለልጅ ልጆቻቸው ያቆይላቸው። አሜን።