ጋሽ አምሳሉ ያልሳቡት እግር

ወጌሻውን ጋሽ አምሳሉን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት፣ የወለቀው ትከሻ፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። እጃቸው መድኃኒት ነው ይባላል።

አንድ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት አስቀድሰው ሲመለሱ የጎረቤታቸው የነስረዲን ልጅ ፈሪዳ ከታክሲ ስትወርድ አገኟት። ፈሪዳ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ሥራ አድራ መምጣቷ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠው አብረው ወደ ሰፈር ሲያቀኑ፣ ጋሽ አምሳሉ እንደ ልማዳቸው እናንተ አጥንት የምታዩት በፎቶ፣ እኔ የማየው በጣቴ ብለው ነገር ነካ አደረጓት። እሷም ሳቀች። ወዲያው ከወደ እህል መጋዘኑ ጩኸት ተሰማ።

ጭነት ሊያራግፍ ወደ ኋላ ይመጣ የነበረ አይሱዙ አንዲት ሴት ከግንብ ጋር አጣብቋታል። ሾፌሩ ደንግጦ መኪናውን ወደ ፊት ቢያስጠጋው ሴትየዋ መሬት ላይ ተዘረጋች። ቦሰና ናት፤ የጋሽ አምሳሉ ሚስት።

እየሮጡ ደረሱ። ሰዉ ተረባርቧል፤ ጠብታ ደም ስላላየ ተመስገን ይላል። አንዱ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው በብብቷ ይዘን እናቁማትና ለመራመድ ትሞክር ይላል፣ ሌላው ራይድ ታክሲ ጠርቶ ቁጭ ሊያደርጋት ይጣደፋል። የእኛ ሰው ደግነት እኮ አያልቅበትም፤ ክፋቱ፣ ደግነቱ የወደቀን ሰው እጅና እግር ይዞ ከማንሳት ይጀምራል።

ቦሰና ባሏን ስታይ፣ "አምሳሉ፣ ሳበኝ። አንተ ካልነካኸኝ ማን ሊነካኝ ነው?" አለች።

ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ ወደ ውስጥ ዞሯል። ጋሽ አምሳሉ ጋቢያቸውን ጥለው ተንበረከኩና ቁርጭምጭሚቷን ያዙ። ፈሪዳ እጇን በእጃቸው ላይ ጫነች።

"ጋሽ አምሳሉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይሳቡት። ማንም አያቁማቸው፣ ማንም አያገላብጣቸው።"

ተቆጡ። በጀርባ ስትታዘል የሚያውቋት ልጅ፣ ከአያታቸው በወረሱት ሙያ፣ ያውም በሚስታቸው ላይ ልትከለክላቸው! "የወለቀ ዳሌ ነው ልጄ። ሳይቀዘቅዝ ካልገባ አይገባም። ደም እንኳ አልፈሰሳትም" አሉ።

"ደሙማ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነው" አለች ፈሪዳ ድምጿን ሳታነሳ። "ዳሌ እንደ ክንድ አይደለም፤ ቀለበት ነው። ሲጨፈለቅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ይሰበራል። ከውስጥ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ፤ ባንቀሳቀስናቸው ቁጥር መድማቱ ይብሳል። የጭናቸው አጥንት ራስ የሚገባበት ጎድጓዳም ተሰብሮ ይሆናል። በራጅ ሳይታይ ቢሳብ ስባሪው የእግራቸውን ነርቭ ሊጎዳው ይችላል። እኔን አይመኑኝ፤ የእጃቸውን ትርታ ይዳስሱ።"

ዳሰሱ። ትርታው ቀጭን ነው፤ ይሮጣል። ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ጋሽ አምሳሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታመመውን አጥንት እንጂ የታማሚውን ትርታ ዳስሰው አያውቁም ነበር። ቦሰና ልትሞትባቸው እንደምትችል የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ክፉኛ ፈሩ።

"ታዲያ ቆሜ ልያት?"

"መቆምማ የለም። ለማሰር ከእርስዎ እጅ የተሻለ እዚህ የለም።"

ሾፌሩ አምቡላንስ ጠራ። ጋሽ አምሳሉና ፈሪዳ የቦሰናን ነጠላ ሰፋ አድርገው አጠፉት፤ በጉልበቷ እጥፋት ሥር አሾልከው፣ እሷን ሳያነሱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሳቡት። ጋሽ አምሳሉ ወገቧ ላይ ሊያስሩት ሲሉ ፈሪዳ ዝቅ አስደረገቻቸው፤ ቦታው ከጭን አናት በሁለቱም ጎን ጎልተው የሚዳሰሱት አጥንቶች ላይ ነው አለች። ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። የዞረውን እግር ላቃና ሳይሉ፣ በጉልበቶቿ መካከል ሹራብ አጥፈው ሁለቱን አንድ ላይ አሰሩ፤ ጋቢውንም አለበሷት። ቀዶ ጥገና ሊኖር ስለሚችል ውሃውም ተመለሰ። ከዳር የቆመ አንድ ሰው ወጌሻ እያለ ሴትዮዋ ትሠቃይ ብሎ ሲያጉረመርም ጋሽ አምሳሉ ቀና አሉ።

"ወጌሻው እኔ ነኝ። የሚነካት የለም።"

አምቡላንሱ እስኪመጣ ግን መሬቱ አልረጋላቸውም። እስከ አስፋልቱ ሄደው ያያሉ፣ ተመልሰው ትርታዋን ይዳስሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ።

ሆስፒታል ራጅ ስትነሳ ዳሌዋ በሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ጎድጓዳውም ተሰንጥቆ ተገኘ። የሰፈሩ ወጣቶች ደም ሰጡ። ሐኪሞቹ የወለቀውን በማደንዘዣ አስተኝተው መለሱት፤ መድማቱ ሲረጋ ደግሞ ስባሪውን በብረትና በብሎን አያያዙት። ደም በእግሯ እንዳይረጋ መርፌ ተወጋች፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድም በቀኝ እግሯ እንዳትረግጥ ታዘዘች። ሐኪሙ ለጋሽ አምሳሉ፣ መታሰሯና አለመጎተቷ ለቦሰና ጊዜ እንደገዛላት ነገራቸው። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ለእሳቸው ምክሩ በአንድ እርምጃ ቀደመ። ሰው የሚያውቀውን ሙያ የት ጋ ማቆም እንዳለበት ሲያውቅ ሙያው አይቀንስም፤ ጋሽ አምሳሉ ዛሬም ወለምታ ያሻሉ።

ከወራት በኋላ ኢዶሳ የሚባል ጎልማሳ ከደረጃ የወደቁ አባቱን አዝሎ ግቢያቸው ገባ። ጋሽ አምሳሉ ሽማግሌውን በጀርባቸው አስተኝተው ጠየቋቸው። ብሽሽታቸውን ያማቸዋል፣ እግራቸውን ከመሬት ማንሳት አቅቷቸዋል። ጋሽ አምሳሉ የዳሌ ስብራት ጠርጥረው ነጠላ አስመጡና አምቡላንስ ጥራ አሉት። ኢዶሳ አዘነ፤ እጅዎ ለሰው ሁሉ ሲሆን ለአባቴ ሲደርስ ፈሩ ወይ ብሎ ወቀሳቸው።

"ለሚስቴ ያላደረግሁትን ለአባትህ አላደርግም" አሉት።

ኢዶሳ ደጃፉ ላይ በክራንች የቆመችውን ቦሰናን አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።