ቃሬዛውን ከታች የሚይዘው

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ የእድር ዳኛ ከታች ነበር የሚይዘው። ምኑን አትሉኝም? ቃሬዛውን ነዋ! ታምራት፣ አንተም ቁጭ በል፣ አትነሳ፣ ሻይህን ገና አልጠጣህም፤ ያንተን ነገር ነው የማወራው፣ ከጀርባህ ማማት ደግሞ አልወድም። እግሬን ልትጠይቁ መጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዴት አደሩ ብሎ ሳይጨርስ "እማማ በላይነሽ፣ እሁድ ምርጫ ነው፣ አይርሱኝ" ያለኝ ይሄው የእድራችን ሊቀመንበር ነው። እንግዲያው ስሙኝ።

ቀጨኔን ታውቁታላችሁ፣ ወደኛ ጓሮ መኪና አይገባም። ዛሬም አይገባም፣ ያኔም አይገባም ነበር። ሰው ሲታመም በቃሬዛ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ፣ አስፋልቱ ጋ ነው መኪና የሚያገኘው። ታዲያ ቁልቁል ሲወረድ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው ከታች በያዘው ሰው ላይ ነው። ከላይ ያለው ምን አለበት፣ ጎንበስ ብሎ ይከተላል። ከታች ያለው ግን ትከሻው ላይ አድርጎ ካላቀናው በሽተኛው ተንሸራቶ ይወድቃል።

እና በበኩር ልጄ ምጥ የያዘኝ ጊዜ፣ ክረምት ነበር፣ ዝናቡ አይጣል ነው፣ ሁለት ቀን አምጬ አልወለድ ስል አዋላጇ "ይቺ ልጅ ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች" አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ መጡ። አናጢ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዝምተኛ ሰው፣ ስብሰባ ላይ ሦስት ቃል አይናገሩም። መጡና ካፖርታቸውን አውልቀው እኔ ላይ ጣል አደረጉት፣ ከዚያ ዝም ብለው የቃሬዛውን የታች ጫፍ ያዙ። "ኑ" አላሉም። "የት አላችሁ" አላሉም። ታዲያ ያየ ወንድ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። እሳቸው ከታች ይዘው እየታዩ ማን ቤቱ ይቀመጣል? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ይቀመጣል?

እና ስንወርድ "በርቱ" የሚል ቃል ካፋቸው አልወጣም። ምን ነበር የሚሉት መሰላችሁ? "እዚህ ያዳልጣል።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "በግራ ድንጋይ አለች።" "ቀስ፣ ይሄኛው ደረጃ ረዥም ነው።" በቃ፣ ይሄው ነው! ቀድመው የሚረግጡት እሳቸው ናቸዋ፣ እግራቸው ያገኘውን ለሌላው ይነግራሉ። እኔ በዚያ ምጥ ውስጥ ሆኜ "እኚህ ሰው አይጥሉኝም" አልኩ። አልጣሉኝም። ልጄም ይኸው ዛሬ ሽበት አብቅሏል።

አሁን ወደ ታምራት ልምጣ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ይሄን ልጅ የመረጥኩት እኔ ነኝ! እጄን አውጥቼ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውንም "አውጪ እንጂ" ብዬ ቆንጥጬ! ለምን? አፉ ያምራላ! ስብሰባው ላይ ተነሳና "ውድ የእድራችን አባላት፣ እኔ የአመራር ሥልጠና ወስጃለሁ፣ መሪ ማለት ሰውን የሚያነሳሳ ነው፣ ሞቲቬት የሚያደርግ ነው" አለ። ሰርተፍኬቱን ሳይቀር በመስታወት አስገጥሞ አሳየን። እኔም ሞኟ፣ እሰይ፣ የተማረ ሰው አገኘን አልኩ።

ታዲያ የዛሬ ሦስት ሳምንት እዚሁ ደጃፌ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁና እግሬ ተሰበረ። አምቡላንስ ተጠራ፣ አስፋልቱ ላይ ቆመ፣ ቃሬዛው መጣ። አራት ሰው ያዘኝ፣ ባለሱቁ ሙዲን ከታች፣ ሱቁን ክፍት ትቶ የመጣ፣ እሱም ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ሊቀመንበራችንስ? ቢጫ ሰደርያ ለብሶ፣ ባንድ እጁ ጃንጥላ፣ ባንድ እጁ ድምፅ ማጉያ፣ ከኋላ፣ ከላይ! "በርቱ ጀግኖች! ቲም ወርክ ነው! እንችላለን! ሙዲን፣ ፈጠን!" ጃንጥላው እንኳ ለኔ አይደለም፣ ለድምፅ ማጉያው ነው፣ ውኃ እንዳይገባበት!

እና ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሙዲን እግር ከዳው። ቃሬዛው ዘንበል አለ፣ እኔ በተሰበረ እግሬ ቁልቁል ተንሸራተትኩ፣ "እመቤቴ ድረሽልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሙዲን ተንበርክኮ ነው በደረቱ ያስቀረኝ፣ ጉልበቱ ደማ። ከላይ ምን ይሰማኛል? "አይዟችሁ! አሸናፊ ተስፋ አይቆርጥም!"

ያኔ ደሜ ፈላ። "አውርዱኝ!" አልኩ። "እማማ፣ ዝናብ እኮ ነው" አሉኝ። "አውርዱኝ ብያለሁ!" ጭቃው ላይ አስቀመጡኝ። "ታምራት፣ ና ወደዚህ።" "አይዞዎት እማማ፣ እርስዎ ጠንካራ ነዎት!" ይለኛል፣ ያውም በድምፅ ማጉያው፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ! "ያን ነገር አስቀምጥና ከታች ያዝ። ካልያዝክ እዚሁ እሞታለሁ እንጂ አልነሳም" አልኩት። "እማማ፣ የኔ ሥራ እኮ ማስተባበር..." "ያዝ!"

ያዘ። ውሸት አልናገርም፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ያዘኝ። ታዲያ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። "በርቱ" ጠፋች፣ "ጀግኖች" ጠፋች፣ እስከ አስፋልቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እና የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት በሽተኛ፣ ስንት አስከሬን በዚያ ደረጃ ሲወርድ ይሄ ሰው አንድ ቀን ከታች አልያዘም! እሱን ለማስያዝ የኔ እግር መሰበር ነበረበት? በተሰበረ እግሬ ጭቃ ላይ መተኛት ነበረብኝ? ደግሞ እኮ ሰዉ ለምን አይወጣም ብሎ በየስብሰባው ይቆጣናል! እና እሁድ አይርሱኝ ትለኛለህ። አልረሳሁህም! ምን ሠርተህ ነው የምመርጥህ? እስቲ ተናገር፣ ዛሬ ያ አፍህ የት ገባ?

ታምራት ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እማማ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ድንጋይ ይነቃነቃል" አለ።

ምን አልክ?

"ሙዲንን የጣለው ድንጋይ። እርስዎን ስይዝ እኔም ረገጥኩት። ይነቃነቃል። ነገ ሲሚንቶ ይዤ ላጠብቀው ነው።"

ነገ? ዛሬ ምን ሆነና? ፀሐይዋ ወጥታ የለ? ሻይህን ጨርስና ተነስ! ደግሞ ሙዲንን ጠርተህ "በርታ" እንዳትለው፣ ከዚህ ከአልጋዬ ይሰማኛል። እሁድን እሁድ እናየዋለን።